በመካከላችን ዝምድና ለመኖሩ ሰነድ ላጡት ሊቀ መንበር

ለክቡር አቶ ዓለምሰገድ ተክለአብ
የቃልኪዳን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ካሌዶኒያን ሮድ፣ ለንደን

ክቡር ሆይ፣

እኔ ፀሐዬ ባፈና ባለፈው ሐምሌ ሰባ ሰባት ዓመት ደፍኛለሁ። ያለ መነጽር ብሎን እፈታለሁ። ማርሽ ሳጥን ብቻዬን አወርዳለሁ፤ ለመግጠም ግን አሁን አሁን ሰው ያግዘኛል። ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ሽንኩርቴን ገዝቼ አራተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፣ ሊፍቱ በሚሠራበት ቀን ጭምር። ባለቤቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ ሸሚዜንም ራሴ እተኩሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና እየነዳሁ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ቢንጋደድብዎ መንገዱ ነው ብለው ይለፉኝ። ይህን ሁሉ መዘርዘሬ፣ ለጤንነትዎ፣ ለቢሮዎ ሙቀትና ለማኅተምዎ ቀለም አለመድረቅ ያለኝን መልካም ምኞት በገዛ እጄ መጻፌን እንዲያምኑልኝ ነው፤ ያለ ሰነድ እንደማያምኑ ዘንድሮ ተምሬያለሁና።

ድሮ አንተ እያልኩ ነበር የምጠራዎት። በዕድሜ ታናሼ ነዎት፣ በባለቤቴም ለቅሶ ከቤተሰቡ መካከል ነበር የተቀመጡት። አሁን ግን እኔና እርስዎ ምን እንደሆንን የሚያስረዳ ወረቀት በእጄ ስለሌለ፣ አንቱ ማለቱ ይሻለኛል።

ደብዳቤው በየምግብ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዘንድሮ እኔ፣ ልጄ የሻረግና የልጅ ልጄ ኤዶም በፒክአፕ መኪና እሽቅድምድም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተሰልፈናል። መኪናውን ከውጭ ሲያዩት አትክልት የሚያመላልስ ፒክአፕ ነው፤ ውስጡ ግን የብረት አጥር፣ አንድ ወንበርና እልኸኛ ሞተር ነው። የሻረግ ከሰኞ እስከ ዓርብ በስትሪትሃም በኩል ባለ ፎቁን አውቶቡስ ትነዳለች፣ ቅዳሜና እሑድ ይህንን። ኤዶም ጎማ ትቀይራለች፣ እናቷንም በሬዲዮ ትመራለች። እኔ የተሰበረውን እጠግናለሁ። አማቼ ሔኖክ፣ የኤዶም አባት፣ ጩኸቱን ስለማይችል ቤት ሆኖ ይጸልይልናል። የገባነው የቤተሰብ ምድብ በሚባለው ነው፤ በአንድ መኪና ላይ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት፣ መኪና ሠሪ ፋብሪካ የሚከፍለው ቡድን የማይደርስበት ነው። በመጀመሪያው ውድድር ዘጠነኛ ወጣን። በሰኔው ዝናብ፣ ሌሎቹ እንደ ሳሙና ሲንሸራተቱ፣ የሻረግ አውቶቡስ እንደምትነዳው ቀስ ብላ ሁለተኛ ገባች። ከስምንቱም ውድድር በኋላ በአሥራ አንድ ነጥብ አንደኛ ነበርን።

ነበርን ነው ያልኩት። ዋንጫው ሊሰጠን ሲል ተቆጣጣሪዋ የሦስታችንን ፈቃድ ጎን ለጎን አስቀምጣ ተመለከተች። በቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ባፈና፣ ፀሐዬ፣ ሔኖክ ይላል። በዚህ አገር አንድ ቤተሰብ አንድ ስም ነው ያለው፤ እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን የአባታችንን ስም ተሸክመን ነው የምንዞረው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ልማዳችሁን የሚያስረዳ አንድ ደብዳቤ ከታወቀ ማኅበር በአሥራ አራት ቀን ውስጥ አምጡ አለች። እኛም ሳቅን። የሻረግማ ይሄ ምን አለው አባዬ፣ ጋሽ ዓለምሰገድ አለልን አይደል ወይ ብላ ዋንጫው የሚቀመጥበትን መደርደሪያ መወልወል ጀምራ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ደብዳቤውን በአሥራ ሦስተኛው ቀን ስለጻፉልን፣ አንድ ሙሉ ቀን አትርፈውልናልና እግዜር ይስጥልን። ቃሉን እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «ጽሕፈት ቤታችን ስማቸው ከላይ በተጠቀሱት ሦስት ግለሰቦች መካከል ዝምድና ስለመኖሩ ለማረጋገጥ የሚያስችል ሰነድ የለውም።» በዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ፤ ወዝአደር ተብያለሁ፣ ስደተኛ ተብያለሁ፣ በአውቶቡስም ላይ ሌላ ሌላም ተብያለሁ። ለገዛ ልጄ ግለሰብ የተባልኩት ግን በእርስዎ እጅ ነው።

ሁለተኛ፦ ማኅበርዎ ባሳተመው የዘንድሮ የቀን መቁጠሪያ፣ የመስከረም ገጽ ላይ፣ መኪናችን በክብር ታትሟል። እኔ በስተቀኝ፣ የሻረግ በስተግራ፣ ኤዶም ኮፈኑ ላይ ተቀምጣ፣ እርስዎ ደግሞ የኤዶምን የራስ ቁር ደፍተው መሐል ላይ ቆመዋል። ከሥሩ «ሦስት ትውልድ፣ አንድ ቤተሰብ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለው በቢሮዎ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ነው። ሰነድ የለም ብለው ሲጽፉ ዞር ብለው ላለማየት ብርቱ አንገት ያስፈልጋል፤ ስለ አንገትዎ ጤንነት በእውነት ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፦ የሻረግ ስልክ ደውላ ምነው ብትልዎት፣ የውድድሩ ባለቤቶች የማኅበረሰብ አማካሪ አድርገው ስለሾሙኝ ገለልተኛ መሆን ይገባኛል፣ ጋሽ ፀሐዬ ይረዱኛል አሉ። ገመድ ያለው ባጅ እንደተሰጠዎትና ምሳ ፎቅ ላይ ካሉት ጋር እንደሚበሉ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት። ጋሽ ፀሐዬም ተረድቶዎታል። እኛን ጠርተው እዚያ ሜዳ ላይ ከውድድሩ ባለቤቶች ጋር ባያስተዋውቁ ኖሮ ያንን ባጅ ማን ያንጠለጥልልዎ እንደነበር ግን አልተረዳሁም፤ እሱን በሰነድ ያስረዱኝ።

አራተኛ፦ ይህን በሰው ፊት ባላነሳው እወድ ነበር። ባለቤቴ ተናኘወርቅ በምታጣጥርበት ቀን እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። የእሷ የአባት ስም ሌላ፣ የእኔ ሌላ ሆነና ምኗ ነህ ብለው አላስገባ አሉኝ። የእኔ እንግሊዝኛ የብሎንና የዘይት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሚሆን ቃል አልነበረኝም። እርስዎ ያኔ ሊቀ መንበር አልነበሩም፤ ጃኬት ደርበው ከአውቶቡስ የወረዱ ሰው ነበሩ። ማኅተም ሳይዙ፣ ሰነድ ሳይጠይቁ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገሩልኝ፦ በእኛ አገር ሴት አግብታም የአባቷ ልጅ ናት፣ እኚህ ሰው ባሏ ናቸው። በሩ ተከፈተልኝ። እጇን ይዤ ነው ያረፈችው።

ስለዚህ አያውቁም ብዬ ይቅር እንዳልልዎት ያደረጉኝ ራስዎ ነዎት። ያውቃሉ።

አምስተኛ የለኝም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሸሚዜን ተኩሼ ራሴ ሄድኩ። ያችን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በቃሌ ስለያዝኳት፣ ባል የሚለውን አባት አድርጌ ለተቆጣጣሪዋ ተናገርኩ። ሰማችኝ፣ ጻፈችውም፤ ግን የማኅበራችሁ ወረቀት ሌላ ይላል አለችኝ። ዋንጫው ሁለተኛ ለወጡት አራት ወንድማማቾች ተሰጠ። ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱ ከፋሲካ ወዲህ አይነጋገሩም፣ መፍቻ የሚቀባበሉት በሦስተኛው በኩል ነው። ቤተሰብነታቸው ግን በወረቀት የታወቀ ነው።

ለከርሞ በቤተሰብ ምድብ መግባት የምንችለው ስማችን አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነው ምድብ ከፋብሪካ ቡድን ጋር መሽቀዳደም አቅማችን አይደለም። ኤዶም ፎርም አውርዳ መጣችና አያቴ፣ ሦስታችንም ባፈና እንባል፣ አንድ ቀን አይፈጅም አለችኝ። ሔኖክ ራሱ፣ የዋህ ነው፣ ትለውጠው ምን ቸገረኝ አለ። እኔ ግን አባቷን ቁጭ ብሎ እያየ ከልጁ ስም ላይ አውርጄ ለመሮጫ የሚሆን ወረቀት አልገዛም። ፎርሙን ቀደድኩት። መኪናው ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ የሻረግ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ሞተሩን ለአሥር ደቂቃ አስነስታ ትሄዳለች። እርስዎ ያላገኙት ሰነድ ይህንን ያህል ይመዝናል።

ሆኖም የሰው ነገር በቤቴ እንዲያድር አልፈልግም፤ ለልጆቼም አላወርስም። ያለብኝን በራሴ እጅ እመልሳለሁ።

ለስድስተኛው ውድድር ያዋሱን ድንኳን ታጥቦ፣ ታጥፎ ሰኞ ይመጣል፤ እኔው በአውቶቡስ ተሸክሜው።

ሁለቱ ተጣጣፊ ወንበሮች ከድንኳኑ ጋር ናቸው። የአንደኛው እግር ሲሰጡን የተሰበረ ነበር፤ በይጄዋለሁ፣ አሁን ማንንም ይችላል።

በተናኘወርቅ ለቅሶ ያመጡልን የእናትዎ ትልቁ ድስት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቴ ከርሟል። ሳየው ደስ ይለኝ ስለነበር ነው የቆየው። እሱም ይመጣል።

የቀረችው የኮሪደሯ ዓረፍተ ነገር ናት። እሷን ለእርስዎ መመለስ አልችልም፣ አሁን የሚያስቀምጡበት ቦታ የለዎትምና። ስለዚህ በሌላ መንገድ እከፍላለሁ፦ በዚህ ከተማ በስሙ ምክንያት በር ላይ የቆመ ያገሬ ሰው ካለ፣ ስልክ ቁጥሬ በዚህ ደብዳቤ ጠርዝ ላይ ተጽፏል። ጃኬቴን ደርቤ እመጣለሁ። ማኅተም የለኝም፤ ቃሏን ግን ይዣታለሁ።

ለገለልተኝነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የባፈና ልጅ፣ የተናኘወርቅ ባል፣ የየሻረግ አባት፣ የኤዶም አያት፣ ይህንንም ሁሉ ያለ አንዳች ሰነድ የሆንኩ፣

ግለሰብ ፀሐዬ ባፈና
ሼፈርድስ ቡሽ

ማስታወሻ፦ የውድድሩ ባለቤቶች በላኩልን የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ «ሚስተር ተክለአብ ዝምድናውን ሊያረጋግጡ አልቻሉም» ይላል። አባትዎን ጋሽ ተክለአብን ከኮምቦልቻ ሚዛን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አሥራ አራት ዓመት መኪናዬን ሲመዝኑ ያላዩትን ኪሎ አልጻፉም፣ ያዩትንም አልካዱም። እባክዎ ሰዎቹን ያርሙልኝ። ያንን ወረቀት የፈረሙት እሳቸው አይደሉም።