ሰንሰለቱ የበላው ነጠላ

ውድ መኬ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ካለህበት እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ዛሬ የማወራው እኔ ነኝ፣ ወሬው አፌን እየበላኝ ነው። ቢሾፍቱ ሄድኩ! ብቻዬን፣ በባቡር፣ ብስክሌትህን ይዤ!

ክረምቱ ይውጣና እንሄዳለን እያልክ ስንት ዓመት ሸወድከኝ? ክረምቱ ይወጣል፣ ሥራ ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ክረምት ይገባል። እኔም ዝናቡ እስኪያባራ ብጠብቅ እንዳንተ እንደምቀር ገባኝና በነሐሴ ጭቃ ተነሳሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሶስና አዲስ ሥራ ይዛለች፤ በረንዳው ላይም ልብስ ማስጫ አሠርታልኛለች። ብስክሌትህ ግን ደረጃው ሥር ቆማ ጎማዋ ተንፍሶ ነበር፣ እኔም ከሷ አልሻልም ነበር። ሙት ዓመትህ በወጣ ማግስት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች የዕድሩን ሴቶች አስከትለው ከሌን ሊያስወልቁኝ መጡ። ሶስናም ነጭ ቀሚስ ገዝታልኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጥቁሩን ካወለቅኩ አንተ ከቤቱ ጨርሰህ የምትወጣ መሰለኝ። ቀሚሱ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ብስክሌቷን ጌጃ ሰፈር ወስጄ አሠራኋት። ሠሪው የፊት ጎማዋን እንዴት እንደምፈታና እንደምገጥም አሳየኝ። ከዚያ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ላዳ ላይ አስጭኜ በማለዳ ለቡ ባቡር ጣቢያ ደረስኩ። ፈታሹ፣ እናቴ፣ ምንድን ነው የያዙት? አለኝ። ብስክሌት አልኩት። ለማን? ለራሴ። እኔንና ማዳበሪያውን እያፈራረቀ አየና፣ ይበርቱ እንግዲህ ብሎ አሳለፈኝ። ከጥቁር ቀሚሴ ሥር የሶስናን ቱታ መልበሴን ቢያውቅ ምን ይል ነበር!

መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ጤፍ ሊዘራበት የታረሰው ጥቁር መሬት ውሃ ቋጥሮ ያብረቀርቃል። ባቡሩ ሲፈጥን እንደ ልጅ ሳቄ መጣ። አጠገቤ ወዳለው ባዶ ወንበር ደጋግሜ ዞርኩ። ምን ላድርግ፣ ላሳይህ ስል ነው።

ቢሾፍቱ ጣቢያው ደጅ ላይ ጎማዋን ገጥሜ ስወጣባት ፈራሁ መኬ። አስታወስክ? ልደታ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ስታስተምረኝ ኮርቻውን ከኋላ ይዘህ እየሮጥክ፣ ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ዞር ስል ውሃ ታንከሩ ጋ ወገብህን ይዘህ ቆመሃል፤ ከዚያው ሆነህ ይዤሻለሁ ትላለህ! በድንጋጤ የእትዬ ዘነበችን የተሰጣ አንሶላ ጎትቼ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ አንተ ከኋላዬ ሳትኖር ነድቼ አላውቅም።

ነዳሁ! ወደ ከተማው የሚወስደውን አስፋልት ይዤ፣ ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉልኝ ነዳሁ። ግን የሐዘንተኛ ነገር፣ አዘቅዝቄ የለበስኩት ጥቁር ነጠላ ጫፉ ተንዘላዝሎ ኖሯል፤ ሰንሰለቱ ላፍ አደረገው። ብስክሌቷ ቀጥ፣ እኔ ጭቃው ውስጥ ዘጭ!

በጃንጥላ ሥር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ሮጣ መጣች። ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረች ስትጎትተው ነጠላው ተተለተለ፤ የቀረውም በግራሶ ተለውሷል። እህቴ፣ ከል የለበስሽው ለማን ነው? አለችኝ። ለባሌ። ስንት ጊዜው? ዓመት አልፎታል። ብስክሌቷስ የማን ናት? የሱ ናት። ሳቋን መያዝ አቃታት። ታዲያ ራሱ አይደል እንዴ ያስወለቀሽ! አለች። እኔም ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ትኩስ በቆሎዋን በላሁ።

ያለ ነጠላ፣ ፀጉሬን ዝናብ እየመታው እስከ ሆራ ሐይቅ ነዳሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጮህኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ዝናቡ ሐይቁ ላይ ሲወርድ ቆሜ አየሁ፤ በበጋ ብንመጣ ይሄን አናይም ነበር። በጣም ናፈቅከኝ። ግን ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ናፍቆቱና ደስታው አብረው መጡብኝ።

የተመለስኩት በሚኒባስ ነው፣ ብስክሌቷ ጣሪያው ላይ ታስራ። እትዬ ዘነበች ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ያለ ነጠላ ደረጃውን ስወጣ ሲያዩኝ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት።

ይህን የምጽፍልህ ነጩን ቀሚስ ለብሼ ነው። አንተም ከቤት አልወጣህም፤ እንዲያው ስፈራ ነው የከረምኩት። ከነጠላው የተረፈችውን ቁራጭ አጥቤ ኮርቻው ሥር፣ እጅህ ይይዝበት በነበረው ቦታ አስሬያታለሁ። ከእንግዲህ ክረምቱ ይውጣ ብሎ የሚያስቀረኝ የለም። ርቀህ ቆመህ ስታየኝም እንዳትሰጋ። አሁን ተራው የኔ ነው መኬ፤ ይዤሃለሁ።

ያንተዋ አልማዝ
ከልደታ