የከለከልኩት ቃል

ሐሙስ፣ ሰኔ ፱ ቀን
ጠዋት፣ ከሥራ በፊት

ለልጄ፣

በሰው አገር እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ያው እንደምታውቂው ነው፤ መሰላል ላይ ስወጣ ይቆጣኛል፣ እኔም መልሼ እቆጣዋለሁ፣ እንዲህ ሆነን አብረን እንሠራለን። ታፔላ በእጅ የሚያስጽፍ ሰው እየቀነሰ ነው። ሁሉም በማሽን አሳትሞ ይሰቅላል። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ፊደሉ ይገረጣል፤ ያኔ ተመልሰው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ እንደሆነ አልቸኩልም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ነው። አትደንግጪ። ሥራ ቦታ ከሆንሽ አጥፈሽ ኪስሽ ክተቺውና ቤትሽ ስትገቢ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርንሽ ነገር አለ።

ጠብታ (አድጋም ይህን ስም አልተውኩላትም፤ ዛሬም ቀለም ሳይነካት ከወርክሾፔ ወጥታ አታውቅም) ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ቤት ውላለች። ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ሄዱ፤ የእሷ ለከርሞ ተላለፈ። እስከ እኩለ ቀን ትተኛለች። ከተነሣች በኋላ ስልኳ ላይ አቀርቅራ በአውራ ጣቷ ስታንሸራትት ይመሻል። ምን ሆንሽ ስላት መልሷ አንድ ነው፤ "ደበረኝ።" ምሳ ብዪ፣ ደበረኝ። ወጣ በዪ፣ ደበረኝ። ይህን ቃል ጠላሁት። ሰው ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ ይላል፤ ደበረኝ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው? "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ይህ ቃል አይነገርም" አልኳት። የቀለም ቆርቆሮ እንድታጥብ፣ ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት እንድታለሰልስም አዘዝኳት።

ታዘዘችኝ፤ ቃሉን ተወችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ከቃሉ ጋር ሳቋንም፣ ምግቧንም፣ ከእኔ ጋር መጨቃጨቋንም እንደተወች ያየሁት ቆይቼ ነው።

አንድ ጠዋት የፀጉር ቤት ታፔላ እየጻፍኩ ሳለ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ግን ቃሉን ከልክለኸኛል።"

"በሌላ ቃል ንገሪኛ።"

"ሌላ ቃል የለውም።"

"እንግዲያው ለዛሬ ፈቅጃለሁ።"

"ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ቀኑ ያለቀ ይመስለኛል። የምወደው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ሆኖብኛል። ማልቀስ ራሱ ይደብረኛል፣ አባባ።"

ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ፤ ቀለሙ ሳንቃው ላይ ተንጠባጠበ።

"ጤና ጣቢያ ልሄድ ነው" አለችኝ ቀጥላ። "እንድታውቅ ብዬ ነው እንጂ ፈቃድ እየጠየቅሁህ አይደለም።"

በዚህ ቤት ያለ ፈቃድ ምንም እንደማይደረግ አንቺም ታውቂያለሽ፤ በዚሁ ምክንያት ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። እሷ ግን ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ነው ይህን ያለችኝ። ኮቴን ለብሼ ተከተልኳት።

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ብላም አላየቻት።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

"ደብሮኛል።"

"ውይ የኔ እህት፣ ማን ያልደበረው አለ? እኔ ራሴ ደብሮኛል። ቀጣይ!"

ሰልፈኛው ሳቀ። ከኋላችን የቆሙ አንዲት ሴትዮ "ፍቅር ይዟት ይሆናል፣ ምስኪን" አሉ። እኔ የምናገረውን አዘጋጅቼ አፌን ከፈትኩ፤ አላስፈለግኩም። ጠብታ ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም።

"አንቺንም ከደበረሽ ለራስሽም ካርድ አውጪና አብረን እንግባ" አለቻት።

ሳቁ ቆመ። ወደ ሴትዮዋም ዞር ብላ "ፍቅር ቢሆን እኮ ደስ ይለኝ ነበር፣ እማማ" አለች፣ በትሕትና። ካርዱ ተጻፈ።

የተላክንበት ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩ ላይ በወረቀት "የአዕምሮ ጤና" ተብሎ ተለጥፏል። "በዐይኑ ዕ አይጻፍም፣ ይሄ አልፋው እ..." ብዬ ስጀምር፣ "አባባ፣ አሁን አይደለም!" ብላ አስቆመችኝ። ውስጥ ያለው ባለሙያ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጅ ነው።

"አባት፣ እርስዎ ውጪ ይጠብቁን" አለኝ።

"አያቷ ነኝ፤ አልወጣም።"

"አባባ፣ ውጣ" አለችኝ እሷ።

ወጣሁ። ከየትም ቦታ ውጣ ተብዬ ወጥቼ አላውቅም።

በኋላ ተጠርቼ ስገባ ልጁ በደንብ አስረዳኝ። መሰልቸት ወጣት ሁሉ ያለበት ነው፣ መጥቶ ይሄዳል፤ የእሷ ግን ከርሞባታል፣ እንቅልፏንና ምግቧንም ነክቶባታል፤ ሕመሙ ድብርት ይባላል፣ ይታከማል አለኝ። ደበረኝ፣ ድብርት። ያው ፊደል፣ ያው ሥር። ልጅቷ ለካ የሕመሟን ስም በየቀኑ ትነግረኝ ኖሯል። ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነም ፊት ለፊት ጠይቋታል። "አላሰብኩም፤ እዚያ እንዳልደርስ ነው የመጣሁት" ብላዋለች። ይህን መንገድ ላይ እሷው ነገረችኝ፤ እኔ ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ልጁ ወደ እኔ ዞሮ "እርስዎስ፣ አባት?" አለኝ። "እኔ ጤነኛ ነኝ" አልኩት። ጠብታ ትኩር ብላ አየችኝ።

አሁን በየሳምንቱ ትሄዳለች። ድናለች ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንድ ቀን በሯን ሳትከፍት "አባባ፣ ዛሬ ከባድ ነው" ትለኛለች፤ ሻዩን በሩ ሥር አስቀምጬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ምን እንደሚያወሩ አልጠይቃትም። ትናንት ግን የጻፍኩትን "ወ" አይታ "ይሄ ፊደል ምን በልቶ ነው እንዲህ ያበጠው?" ብላ ስትስቅብኝ ዋለች። ሌላ ሰው ቢለኝ ከወርክሾፕ አስወጣው ነበር። እኔ ቀን ሙሉ ያንን "ወ" ሳላስተካክለው ተውኩት።

በዕድሜዬ ብዙ ደፋር ሰው አይቻለሁ። በሰው ፊት እየተሳቀበት "የያዘኝ ይህ ነው" ብሎ የቆመ ግን ከእሷ በቀር አላየሁም። አንቺ አሳድገሻት ነው፤ ግትርነቷ ከየት እንደመጣ ግን አልከራከርም።

"ታዲያ ለሰልፈኛ ሁሉ የነገርሽውን ለእናትሽ ስለ ምን ትደብቂያታለሽ?" አልኳት።

"እማዬ 'ምን ጎደለብሽ?' ትለኛለች።"

"ብትልሽስ?"

"ምንም አልጎደለብኝማ፣ አባባ! እዚያ ደክማ ሁሉን ትልክልኛለች። የምመልስላት ስለሌለኝ ነው 'ደህና ነኝ' የምላት።"

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ለምኜ ስለማላውቅ አልለምንሽም፤ አባትሽ ነኝና አዝሻለሁ። ያንን ጥያቄ አትጠይቂያት። ልምጣ ወይም ልውሰድሽ ብለሽም አትጣደፊ፤ ሕክምናዋን እዚሁ በጀመረችበት መቀጠል ትፈልጋለች። እንድጽፍልሽ የፈቀደችው "እንዳታስደነግጣት" ብላ አስጠንቅቃኝ ነው።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ በመጀመሪያው እሑድ ደውዪ። ስልኩን ጠረጴዛው መሀል እናስቀምጠዋለን። ዝም ካለች አንቺም ዝም በዪ፤ መስመሩ ተቋርጦ ነው ብለሽ እንዳትዘጊው። ልትናገር ሞክራ ካቃታት እኔ እቀድማለሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ለማንም ያልነገርኩት የራሴ አለኝ። እኔ ከጀመርኩ እሷ አትፈራም።

እጅሽ አይዛል፤ የምትውይበት ቤት ሰላም ይሁን፤ ፈጣሪ ሦስታችንንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ያብቃን።

አባትሽ