የስቴሬን አጭር ሸራ

ለልጄ አባት፣

ሰላምታዬ ካለህበት ሎሪያን ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት አቅቶሃል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሳል ይዞኝ ከረመ እንጂ ምላሴስ ደህና ነው፤ ታውቀዋለህ። ወደባችን ካማሬም እንዳለች ናት፤ ንፋሷ ጣሪያ ያንኳኳል፣ ሰርዲን ግን ብርቅ ሆኗል።

ብዕር ያስያዘኝ የስቴሬን ነገር ነው። ጭቃ ላይ ትተሃት የሄድካትን ጀልባችንን፣ የአሮጌ ጀልባ ወዳጆች ማኅበር የሚባሉ ሰዎች እናድሳት ብለው ለመኑኝ። ዓይኔ እያየ ከምትበሰብስ ብዬ ሰጠኋቸው። እኔ ያልወደድኩት ነገር እንዳይሠራባት ግን ቃል አስገባኋቸው።

በእንጨቱ አልተጣላንም። ያጣላን ሸራውና ምሰሶው ነው። ሊቀመንበራቸው ሙሴ ኬራቬል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "እማማ፣ ጀልባዋ ስትሠራ ባለ ሁለት ምሰሶ ነበረች፤ ወደ ዘመኗ እንመልሳት። ባለቤትዎ በኋላ ያደረጉላት ነገር ታሪክ የለውም" አለኝ። ታሪክ የለውም! ድሮ ቢሆን የእንጨት ጫማዬን እወረውርበት ነበር። በዚያ ዘመን ጀልባዋ ንፋሱን በሌላ ጎኗ ልትቀበል ስትዞር ሸራው መውረድ፣ ሸራውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨትም በምሰሶው ጀርባ ዞሮ እንደገና መሰቀል እንደነበረበት ማን ይንገረው? ያ እንጨት ልጃችንን ታንጊን ምሰሶው ሥር መትቶ ለባሕር እንደሰጠውስ? አንተ አንዱን ምሰሶ ነቅለህ፣ ወጣ ወረድ የማይል ሌላ ሸራ ያስገባህላት ከዚያ በኋላ ነው። "እኔ በሕይወት እያለሁ ያ እንጨት አይሰቀልም" ብዬው ወጣሁ።

ገመድና ሸራውን የሚሠራው ጉልቨን ግን ምላሱ ማር ነው። ደጄ ድረስ መጥቶ፣ "እማማ፣ ናይለን አድርግ ሲሉኝ እምቢ ብዬ የቃጫ ገመድ በቅጥራን ስነክር ጣቶቼ የድስት ቂጥ መስለዋል። እስቲ አንድ ቀን ብቻ፣ እዚሁ ወደቡ ውስጥ፣ እንደ ድሮው ሰቅለን እንያት። ካልጣመዎት በገዛ እጄ አወርደዋለሁ" አለኝ። ያንተን ሸራ ዘርግቶ አይቶትም ስቋል። "ምነው ከታች እንዲህ አሳጠሩት? ጨርቅ አልቆባቸው ነው?" አለ። ወደቡ ሁሉ "የስቴሬን ቀሚስ ከጉልበት በላይ ሆነ" እያለ ሲስቅብህ አንተ አንድም ቀን መልስ አልሰጠህም። እኔም ንፍገት መስሎኝ አፍሬብህ ነበር።

እምቢ ለማለት ሄድኩ። ሴት ከወጣችበት ጀልባ ዓሣ ይሸሻል እያላችሁ ሸራ የተሰቀለበት ጀልባ ላይ እግሬን አላስነካችሁኝም፤ አሁን ዓሣውም ከልካዩም ስላለቀ ጉልቨን ደግፎ አስገባኝና ከኋላ፣ የጀልባዋ መሪ አጠገብ አስቀመጠኝ። "ያዙት እንግዲህ፣ ካፒቴን!" ብሎ ወደ ፊት ሄደ። ያ ቡናማ ሸራ ተሰቀለ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ እስከ ጀልባዋ ወለል ድረስ። "ጉልቨን!" ብዬ ተጣራሁ። "አቤት እማማ፣ ምሰሶው ሥር ነኝ!" አለኝ። ድምፁን እሰማለሁ፣ እሱን አላየውም። ጎንበስ አልኩ፣ አንገቴን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አሰገግኩ፤ ባርኔጣው እንኳ አይታይም።

ታንጊን ባሕር የወሰደው ቀን ከነእርጥብ ልብስህ በር ላይ ቆመህ "አላየሁትም" አልከኝ። እኔም "ዓይንህ የት ነበር?" አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ተነጋግረን እናውቃለን?

መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ጉልቨን ንፋሱ መስሎት መሐረብ ሰጠኝ። ያንተን ሸራ ስቀልልኝ አልኩት። ሰቀለው። በዚያ ባጠረው በኩል ጉልቨን ከነጫማው ታየኝ፤ ገመድ ሲቋጥር ጣቶቹን ሳይቀር አየሁ።

ለሙሴ ኬራቬል፣ የቃጫው ገመድ ይሁን፣ ምሰሶው ግን አንድ፣ ሸራውም አጭሩ ነው ብዬ ቁርጡን ነገርኩት። "እንዲህ ከሆነማ ቅርስ ተብላ አትመዘገብም፤ የየትኛው ዘመን ጀልባ ናት ልንል ነው?" አለኝ። "የልጄ አባት ዘመን በሉ" አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ፤ ይሂድ።

በነሐሴ፣ ባሕሩ በሚባረክበት ቀን ወደ ውሃ ትገባለች። ቄሱም ጸበል ሊረጯት ይመጣሉ። የታንጊን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ አንተንም እመቤታችን ከመንገድ ክፉ ትጠብቅህ። በዚያ ቀን መሪውን ማን ይይዛል ብለው ስም ጠይቀውኝ ነበር። ያንተን ሰጥቻለሁ።

የልጅህ እናት