በስንዱ ስም ያለው ቁጥሬ

ሰኞ

«ይህ ቁጥር ያንቺ አይደለም» አለችኝ። የደወልኩላት ደግሞ ከዚያው ከቁጥሬ ነው።

«ታዲያ በማን ስልክ ነው የምናወራው?» አልኳት። ሳቅ የለም። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ናት፣ ምን ታድርግ። ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ነው፣ የማን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፣ ባለቤቱ በባንክ አይዲ፣ በስልክ መታወቂያው፣ ካልፈረመ ቁጥሩን ይዘሽ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ አትችይም አለች። አመስግኜ ዘጋሁ። የማን እንደሆነማ አውቃለሁ። የስንዱ ነው።

ጣጣውን ያመጣችው ሜላት ናት። ልጄ ከቤት ከወጣች ወዲህ የእኔን ወጪ መቆጣጠር ሁለተኛ ሥራዋ አድርጋዋለች። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ የስልክ ሂሳቤን አየችና ጮኸች። እሷ የምትጠቀምበት ርካሽ ኩባንያ አለ፤ ወደዚያ ካልዞርሽ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እኔ ደግሞ በርካሽ ነገር አላምንም።

«ጫካ ስገባ ይጠፋብኛል» አልኳት።

«መቼ ነው አንቺ ጫካ የምትገቢው?» አለች በስዊድንኛ። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ የምንነጋገረው እንዲህ ነው። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ኩባንያው የራሱ ታወር የለውም። እኔ አሁን ያለሁበትን የትልቁን ኩባንያ ታወር ተከራይቶ ነው የሚሠራው። ኔትወርኩ ያው ነው፤ ስሙና ዋጋው ነው የሚለየው።

«ኣንድራ ሃንድ ነዋ!» አልኩ።

ከት ብላ ሳቀች፤ ግን ልክ ነሽ አለች። ከተከራይ ላይ የተከራየ ማለት ነው። እኛ እዚህ አገር ስንገባ ኣንድራ ሃንድ ያልሆነ ቤት መቼ አየን? ኩባንያው ወዲያው ዘመዴ መሰለኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ልጨርሰው ስል ነው እንግዲህ ቁጥሩ ያንቺ አይደለም የተባልኩት።

ለሜላት ስነግራት በመልእክት መለሰች፦ «አዲስ ቁጥር ውሰጂ፣ በቃ።»

በቃ! እሷ እቴ።

ማክሰኞ፣ ከዳጊስ መልስ

ጀርባዬ። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሃያ ሕፃን የበረዶ ልብስ አልብሶ ማውለቅ ጂም ቤት ከመግባት ይበልጣል። ሰፈሬ ቮርቢ ጎርድ ስደርስ ጨልሟል፤ በየመስኮቱ የገና መዳረሻው የአድቬንት ኮከብ በርቷል።

አዲስ ቁጥር የማልወስድበትን ምክንያት ለልጄ ላስረዳት ፈልጌ አቃተኝ። እዚህ ልሞክረው።

ስልኩን ያወጣነው ስቶክሆልም መሐል፣ ሶደርማልም ስንኖር ነው፣ እኔና ስንዱ፣ አንድ ክፍል ውስጥ። የእኔ ፐሹንኑመር፣ የመታወቂያ ቁጥሬ፣ ገና አልወጣም። ያ ቁጥር ከሌለሽ እዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት እንኳን አይመዘግብሽም። ስንዱ ቀድማኝ የመጣች ስለሆነች የእሷ ወጥቶ ነበር። «በስሜ እናውጣው፣ ያንቺ ሲመጣ እናዞረዋለን» አለች። የእኔ መጣ፤ ማዞሩን ግን ረሳነው። ሂሳቡ ወደ እኔ አድራሻ እንዲመጣ አድርገን፣ እኔ እየከፈልኩ፣ ስሙ የእሷ እንደሆነ ቀረ።

ቤቱም ቢሆን የሰው ስም ነበር የተለጠፈበት። በሩ ላይ ያለው አይተነው የማናውቀው የአንድ ስዊድናዊ ስም ነው። ሰው ከጠየቀ ዘመዶቹ ነን በሉ ተብለናል። አንድ ቀን ጎረቤታችን አሮጊቷ ደረጃ ላይ ያዙንና ጠየቁ። ስንዱ ፊቷ ሳይለወጥ «ዘመዶቹ ነን» አለቻቸው። ከላይ እስከ ታች አዩንና «አዎ፣ መመሳሰል አላችሁ» ብለው አለፉ። በር ዘግተን መሬት ላይ ተንከባለልን። እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስልኩ አንድ ነበር፣ ለሁለታችን። ቁጥሩ ከሰው ሰው እየተላለፈ እኛ የማናውቀው አገር ሁሉ ደረሰ። ቀበቶው ውስጥ ጽፎት የመጣ ነበር፤ የመዝሙረ ዳዊቷ ሽፋን ላይ የጻፈችም ነበረች። «የአበሻ ቤት ነው? ስቶክሆልም ባቡር ጣቢያ ነኝ» ይላል አንዱ፣ ገና ሳይነጋ። ያልተኛችው ተነስታ ትሄዳለች። ወለሉ ላይ እግር ማስቀመጫ እስኪጠፋ እናስተኛለን። ደሃ ነበርን፤ ብርድ ነበር፤ ግን ስልኩ ይጠራ ነበር።

አሁን የሚጠራው የጥርስ ሐኪም ሲያስታውሰኝና ሜላት ስትቆጣኝ ነው። ቁጥሩ ግን ያው ነው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ዛሬ ቢደውል ያገኘኛል። ይህን ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ረቡዕ

ትንሽ ድል። ሜላት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት መጣች፤ የእሷን ርካሽና የእኔን ውድ ስልክ ይዘን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረድን። ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም። ሁለቱም እኩል ያዙ። ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ መግቢያ ላይ ሞከርን፤ እኩል። ሊፍት ውስጥ ሁለቱም ጠፉ። እኩል መጥፋታቸው ይበልጥ አሳመነኝ።

ስለዚህ የቀረችው ስንዱ ናት።

«ስንዱ ማን ናት?» አለች ሜላት።

አዝላ ያስተኛቻትን ሴት አታውቃትም። ከየት ታውቃት? ስንዱ አግብታ ከከተማ ውጭ ሜርስታ ስትገባ ሜላት ገና በእግሯ መሄድ መጀመሯ ነበር።

አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። ሶደርማልም እያለን «ልጅ ከወለድኩ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» ትለኝ ነበር። በኋላ እኔ ጌታን ተቀብዬ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እሷ ልጇን ስትወልድ ቤተ ክርስቲያኗ እኔን አይቀበልም፤ ደንቡ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ግብዣው ላይ ሄድኩ፣ በላሁ፣ ስጦታ ሰጠሁ። ሌላ ሴት ሕፃኑን ይዛ ቆማ ሳይ ዓይኔን ወደ ሳህኔ መለስኩ። እሷም ዓይኔን አላየችም። ከዚያ ስልኩ ቀነሰ፤ ለበዓል ለበዓል ብቻ ሆነ፤ ከዚያ «እንኳን አደረሰሽ» የሚል መልእክት፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው።

አሁን በምን አፌ ልደውል? ስታስፈልጋት አስታወሰችኝ ብትል እውነቷን ነው።

መልእክት ልጽፍላት ሞከርኩ።
«ሰላም ስንዱ፣ ጠፋሁ አይደል? ስለ ስልኩ...» ሰረዝኩት።
«ስንዱዬ ናፈቅሽኝ።» እውነት ነው፤ ግን ቀጥሎ ስለ ስልክ ሲመጣ ውሸት ይመስላል። ሰረዝኩት።
«ሰላም፣ ውባለም ነኝ።» ውባለም መሆኔንማ ታውቃለች፣ ቁጥሩ የራሷ ነው!

ሐሙስ

ደወልኩ። በምሳ ሰዓት፣ የዳጊሱ ኮት መስቀያ ክፍል ውስጥ፣ በትንንሽ ጫማዎች መሐል ቆሜ። ጸልዬ ነው የደወልኩት።

አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሳችው።

«ውቤ? ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«አትደብቂኝ። ብቻዬን አይደለሁም፣ ሰው አብሮኝ አለ፣ ንገሪኝ።»

«ስንዱ፣ በእግዚአብሔር፣ ማንም አልሞተም! ስለ ስልክ ነው።»

ከኋላዋ የአውሮፕላን ማረፊያው ማስታወቂያ ይናገራል። ስለዚህ አሁንም እዚያው ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ አንዴ ጀምሬዋለሁና በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፦ ርካሽ ኩባንያ፣ ተመሳሳይ ታወር፣ ያንቺ ስም፣ ባንክ አይዲ።

«ልትወስጂው ነው?» አለች።

«አዎ... ማለቴ ከፈቀድሽ።»

«በስልክ አይሆንም። ቅዳሜ ቤት ነይ።» ዘጋችው።

«ልትወስጂው ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ከሰዓት በኋላ ለሕፃናቱ ጓንት ግራ በቀኝ ሳጠልቅ ዋልኩ።

ዓርብ

እንቢ ልትለኝ ነው የጠራችኝ። ወይም ልትወቅሰኝ። ሁለቱም መብቷ ነው።

ሜላት «ምን ችግር አለው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» ትላለች። ለፊርማውማ አይፈጅም።

ባዶ እጅ አይኬድም። ዳቦ ቤት ገብቼ ትልቁን ኬክ አስመርጬ ልከፍል ስል ትዝ አለኝ፦ ጾመ ነቢያት ነው። ቅቤና ወተት ይዤላት ልገባ ነበር! እኔ ጾሙን ከተውኩት ስንት ጊዜዬ፤ የእሷን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ፤ ሻጯ ገላመጠችኝ። መንደሪንና ቴምር ገዛሁ። ለሆስፒታል ጥየቃ የምሄድ መሰልኩ።

ቅዳሜ፣ ከሜርስታ መልስ

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

በሩ ላይ የራሷ ስም አለ። ስንዱ ከነአባቷ፣ በትልቁ። ቆሜ አየሁት። ከፈተችልኝ። ሽበት አውጥታለች፣ ወፍራለች፣ ዓይኗ ያው። ተሳሳምን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር ትተን ተቃቅፈን ቀረን። ባሏ ሥራ ነበር፣ ልጇ እግር ኳስ። የጾም ምግብ ሠርታ ጠበቀችኝ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጀርባዬ፣ ስለ ልጆች አወራን። ስለ ስልኩ ማናችንም አላነሳንም። ሳህኑን ካነሳች በኋላ ስልኳን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ነይ እይ» አለች።

የትልቁ ኩባንያ ገጽ ነው። እሷም እዚያው ደንበኛ ናት። በስሟ ሁለት ቁጥር አለ፤ ላይ የእሷ፣ ታች የእኔ። ከእኔ አጠገብ «ተከፍሏል» ይላል።

«በየወሩ የራሴን ስከፍል ያንቺን አየዋለሁ። ተከፍሏል ሲል ውቤ ደህና ናት እላለሁ፣ እዘጋዋለሁ።»

ስልኳን ተቀብዬ «ተከፍሏል» የሚለውን እንደገና አነበብኩት።

«አንድ ሰመር ዘገየ» አለች። «ነገ ይከፈላል፣ ነገ ይከፈላል እላለሁ፣ የለም። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ቮርቢ ጎርድ መጣሁ። ፎቅሽን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩን ግን አላውቅም። ጣቢያው ጋ ቆምኩ። ማታ ላይ ሜላት ክንድሽን ይዛሽ ስትወጪ አየሁሽ። ከስተሻል። ግን በእግርሽ ትሄጃለሽ።»

ያን ሰመር ኦፕራሲዮን ሆኜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ከጥቂት ሰው በቀር ማንም አያውቅም።

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሂሳብሽ ዘግይቶ መጣሁ ልበልሽ?»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ያን ሁሉ ዓመት ረስታኛለች እያልኩ አኩርፌ፣ እሷ በወር በወር በሬ ላይ እንደቆመ ሰው ደህና መሆኔን አይታ ትሄድ ኖሯል። አለመቆጣት አልቻልኩም፣ አለማመስገንም አልቻልኩም። ሁለቱንም አደረግኩ። እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኳን አነሳች። ስሙን ወደ እኔ ማዞሪያው ቦታ ገባች። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

«ካዞርኩልሽ በኋላ በምን አውቃለሁ?»

«እደውላለሁ።»

«አንቺ? ደውለሽ ታውቂያለሽ?» አለች። ፈገግ ብላለች፤ ቀልዷን ብቻ ግን አልነበረም።

ፈረመች።

ሰኞ

ቁጥሩ በስሜ ሆነ። ውባለም፣ ይላል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሜላት ቀሪውን በጥቂት ደቂቃ ጨረሰችው፤ ሲሙ በፖስታ ይመጣል።

ስለ ስንዱ ነገርኳት። ሁሉንም። ስለ አሮጊቷም ስነግራት ሳቀች። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ለእሷ ደውለሽላት?» አለችኝ። ገና አልኳት።

ሐሙስ

ጠዋት ስልኬ ሞተ፤ ቁጥሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ነው። በምሳ ሰዓት በጆሮ ጌጤ ወግቼ አሮጌውን ሲም አወጣሁና አዲሱን አስገባሁ። ትንሽ አሰበና ያዘ። የኔትወርኩ መስመር ሁሉ ሙሉ። ጫካ ባልገባም ደስ አለኝ።

ለስንዱ ልደውል አሰብኩ። ምን ብዬ? ጉዳዩ አልቋል፤ በዓል አይደለም፤ ማንም አልታመመም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ይህቺ «ነገ» ናት አሥር ዓመት የበላችው፤ እያወቅኩ አልኳት።

ማታ የዳጊስ ልብሴን ስተኩስ ጠራ። ስንዱ።

«ገጹን ከፈትኩት» አለች፣ ሰላም ሳትለኝ።

«ምነው?»

«የለሽም። የኔ ብቻ ነው ያለው። ማዞሬን አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የፈረምኩት፣ ግን ሳየው...» አልጨረሰችውም።

«አለሁ» አልኳት።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ ስንዱዬ። አለሁ።»

ከዚያ የሚወራ አልነበረንም፤ ማናችንም ግን አልዘጋንም። እኔ ስልኩን የመተኮሻው ሰሌዳ ላይ አስቀምጬ መተኮሴን ቀጠልኩ፤ እሷም ወጥ ቤት ገብታለች። ሽንኩርት ስትከትፍ የቢላዋው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።