በአንድ ዓይን የተሳለችው

ድብ ባሕር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፩ ዓ.ም.

ለቀድሞ እጮኛዬ፣ ኮላ ድባ

እንዴት ከርመሻል? ጉልበቷን ያማታል ሲሉ ሰምቼ አዘንሁ፤ ጨርሶ ይማርሽ። እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ የልጅ ልጅሽ የዓለምወርቅ መሆኗን አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ አፍረሽ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።

ያ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ትዝ ይልሻል? ከአርባ ዓመት በፊት በበቅሎ መጥቶ እናንተ ደጅ ድንኳን የተከለው፣ በከሰል ሰው ሲስል የሚውለው። አንቺን እንዝርት ይዘሽ ስትፈትዪ ሦስት ቀን ሳለሽ። አባትሽ የደብሩ ገበዝ ነበሩና እኔም ለቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ቀለም የምፈጨው እዚያው ግቢያችሁ ጥግ ነበር።

ሥዕሉ ሲያልቅ አባትሽ አይተው ደነገጡ። ፊትሽ በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይንሽ ብቻ። ወደ እኔ ዞረው፣ በእናንተ ሙያ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው አሉኝ። ይሁዳና ሰይጣን ናቸው፣ ጻድቅማ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው አልኋቸው። የፈረንጅ አሳሳል ሌላ እንደሚሆን ልቤ ያውቅ ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፈረንጅ ፊት ተቀምጠሽ ስትስቂ ቅናት አንገብግቦኝ ነበር፤ ትንሽ እንድታፍሪ ፈለግሁ። ወሬው አገሩን አዳረሰ፤ ፈረንጁ የነፍሷን ክፋት አይቶ ነው ተባለ። አባቴ እጮኝነታችንን ሲያፈርሱ አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አንቺንም አባትሽ ኮላ ድባ ወስደው ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ ዳሩሽ።

ባለፈው ግንቦት ጎንደር ሳለሁ፣ ግንቡን ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ የዚያን ሰዓሊ ሥዕሎች በመጽሐፍ ይዞ ነበር። ክንዱ የሚባል አስተርጓሚው ገጹን እየገለጠ አሳየኝ። መጀመሪያ ላይ አንዲት አሮጊት አለች፤ እሷም በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማን ናት ብዬ ብጠይቀው፣ የሰዓሊው የገዛ እናቱ ናት አለኝ። ጥቂት ገጽ አልፈን አንቺን አገኘንሽ። እንዝርቱ ከእጅሽ ሊወድቅ ደርሷል፤ ያ ሳቅሽም አለ። የምትስቂው ግን ለፈረንጁ አልነበረም። በምታዪበት በኩል፣ ከወረቀቱ ዳር፣ የቀለም መፍጫ ድንጋይና የሚፈጭ እጅ አለ። እጁ የእኔ ነው። አለቀስሁ፤ አስተርጓሚው ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

እዚህ የምሥለው ቤተ ክርስቲያን ላይ ከቅዱሳት አንስት አንዷን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣልኋት። አለቃው፣ ምነው አበድህ፣ ካላጠፋሃት ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ አሉኝ። አላጠፋትም። ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ለጊዮርጊስ ሕዝቡ ሲሰበሰብ የዋሸሁትን ሁሉ በአፌ እናገራለሁ፤ ከዚያ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።

ጉልበትሽ ከፈቀደልሽ በማኪና ነይ። ከበሩ በስተቀኝ ሦስተኛዋ ናት። ከፊቷ መፍጫውን ድንጋይ ሥዬዋለሁ። እጁን ግን አልሣልሁትም፤ አንቺ ካልፈቀድሽ አይሣልም።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የዓለምወርቅንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ሌላ አግብቶ ቤት ያልሠራው የቀድሞ እጮኛሽ