ለሰው የሚሆን ፎቶ

ይድረስ ለምወድሽና በዓይኔ ውልብ ለምትዪው እኅቴ ለየኔአለም፤ አርባ ምንጭ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ከአራስ ቤት ከወጣሽ ወዲህ በረታሽ? ትንሿ ወለተ ሐዋርያት እሺ ብላ ትጠባለች? ሌሊት ታስተኛችኋለች? ባለቤትሽ ገዳሙስ፣ ሥራው እንዴት ይዞታል? የእናንተ አገር ሙቀት ሕፃኗን እንዳያውካት እያለች እናታችን ስትጨነቅ ትውላለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባታችን ጤፉን ወቅቶ አስገብቷል። እናታችን ጉልበቷን ብርዱ ቢይዛትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። እኔም አለሁ።

‹አለሁ› ማለቴ እንደማያስደስትሽ አውቃለሁ። ባለፈው ስትደውዪ ‹ስለ ወንጌላዊት ስታወሪ ዜና የምታነቢ ነው የሚመስለው፤ እንባሽን ምን ወሰደው?› ብለሽኛል። ይህን እንዳልሽ ኔትወርኩ ሄደ። የጎረቤታችን ልጅ አበረ ወደ እናንተ ለሥራ ስለሚመጣ፣ በስልክ ያልቻልኩትን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው።

የወንጌላዊት መርዶ ዘግይቶ ስለደረሰሽ ከፍቶሻል፤ ልክ ነሽ። ‹አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ክርስትናው ይለፍ› ብለው የወሰኑት ትልልቆቹ ናቸው። እስከዚያ ድረስ አንቺ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን የሚያቀብሉት ለእኔ ነበር። የሌላው ሰው ድምፅ ይሰበራል። እኔ ‹ሁላችንም ደህና ነን፤ ወንጌላዊትም ትምህርት ላይ ናት› እልሽ ነበር። እንዲያ ስል ከርሜ ድምፄ እዚያው የቀረ ይመስለኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ለክረምት ዕረፍት ከአዲስ አበባ እንደመጣሁ በግጭቱ መንገዱ ተዘጋና ሦስተኛ ዓመቴን ሳልጀምር ቀረሁ። የምማረውን ታውቂያለሽ፤ ፎቶ ማንሳት፣ እንጨት ቀርጾ በቀለም ማተም፣ መጽሐፍ መስፋትና መጠረዝ ነው። ሰው ‹ፎቶ ለማንሳትም ዩኒቨርሲቲ ይገባል?› ሲል አባታችን ‹ፊደሉን በግልባጭ ቀርጻ ወረቀት ላይ ታቀናዋለች!› እያለ ይከራከርልኛል። ታዲያ ቤት ከመዋል ብዬ ደብረ ማርቆስ ጋሼ እንዳላማው ፎቶ ቤት ገባሁ። የመታወቂያ አነሳለሁ፣ የሠርግ አሳምራለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሱፍ የለበሱ፣ ጋዋን የለበሱ፣ ራስ የሌላቸው ሰዎች ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። የደንበኛው ፊት ይቆረጥና እላያቸው ላይ ይገጠማል።

የአክስታችን የስሜነሽ ልጅ ወንጌላዊት እዚሁ ነርስነት ስለምትማር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። ዘንድሮ ተመራቂ ነበረች። ጥቅምት ላይ እናቴን ልይ ብላ ደብረ ኤልያስ ሄደች። እዚያ ሆዷን አመማት። ብርድ ነው ተብሎ ሲታሽላት ‹ይሄ ብርድ አይደለም እማ፣ ሐኪም ቤት አድርሱኝ› አለች አሉ። የዚያን ዕለት መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈች። ኋላ ትርፍ አንጀት ነው የሚሉ መጡ። እኔ በእግሬ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ሰው ንፍሮ እየቀመሰ ነበር።

አርባዋ ሲቃረብ አክስታችን ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ። ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ፊታቸው የሌላ ሴት ሆኗል። ‹ጥሩብርሃን፣ ልጄን ጋዋን አልብሺልኝ› አሉኝ። ‹ድንኳኑ ውስጥ ከፍ አድርጌ ላቆማት ነው። ሳትመረቅ ቀረች ብሎ ሰው አይዘንላት።›

እኔ ያነሳኋቸውን ፎቶዎቿን አወጣሁላቸው። አንዱ ፀጉሯን ታጥባ በራችን ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ነው፤ ውኃው ከጆሮዋ ይንጠባጠባል፣ ሳሙና ዓይኔ ገባ እያለች ትስቃለች። አክስታችን ብዙ ቆይተው አዩትና ‹ይሄ የቤት ነው። በእርጥብ ፀጉሯ ሰው ፊት አትቆምም› አሉ።

መምህራችን ገና አንደኛ ዓመት ሳለን ‹ያልነበረውን አትጨምሩ፣ የነበረውን አታጥፉ› ብሎን ነበር። ትዝ አለኝና አለፈ። ፊቷን ከዚያው ከምትስቅበት ፎቶ ቆረጥኩት። ፀጉሯን በቆቡ ሸፈንኩ፣ ከጆሮዋ የሚንጠባጠበውን ውኃ አጠፋሁ፣ የቆዳዋን መልክ ከማላውቃት ልጅ ደረት ጋር አመሳሰልኩ። ይከብደኛል ብዬ ነበር፣ አልከበደኝም። የሠርግ ካርድ የምሠራ ያህል ሠራሁት። ጋሼ እንዳላማው ከኋላዬ ቆመው ‹ተነሺ ልጄ፣ እኔ ልሥራው› ቢሉኝ ‹ልጨርሰው ነው› አልኳቸው።

አክስታችን ሊወስዱ ሲመጡ ፍሬሙን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው አዩት። ‹ይሄ አንገት የልጄ አይደለም› አሉ። አስተካክለዋለሁ ስላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ። ‹ተይው። ሰው አንገቷን አያውቅም። ይሄኛው ለሰው ይሁን። ለእኔ ያችን እርጥቧን አጥቢልኝ።›

በትንሽ ወረቀት አጠብኩላቸው። ጫፉ እንዳይበላ ከቁራጭ ቆዳ ሽፋን ቆርጬ፣ ትምህርት ቤት እንደለመድኩት ክሩን ሰም አስነክቼ ሰፋሁት። ሁለት ገጽ ብቻ ያላት መጽሐፍ ሆነች። ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት።

የአርባው ዕለት ትልቁ ፎቶ ድንኳኑ መሐል ቆመ። አልቃሿ ‹የኔ ምሩቅ› እያለች ስታወርድ አገሩ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ? የፊቷ ጥላ በግራ፣ የጋዋኑ ጥላ በቀኝ መውደቁን። ሌላ ምንም አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ሁለት እናቶች ለሞቱ ልጆቻቸው እንደዚያው እንድሠራላቸው መጡ። ሠራሁላቸው፤ አመስግነው መርቀውኝ ሄዱ።

ከሥራ ስመለስ የዋንዛ ጣውላ ላይ ወንጌላዊትን ልቀርጻት ሞከርኩ። በሩን ቀረጽኩ፣ የነጠላዋን ጥለት አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ፊቷ ጋ ስደርስ መቅረጫው አልሄድ አለኝ። ያልተቀረጸ እንጨት ሲታተም ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። ቀለም ቀብቼ በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ ሳትመው በሩም ነጠላውም ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፊቷ ግን ድፍን ጥቁር ነው። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የምትተኛበት ፍራሽም አሁን ድረስ እንደተዘረጋ ነው፤ አላጠፍኩትም።

ጥምቀት እንዳለፈ መምህራችን ደወለ። ‹አውቶቡስ በደጀን በኩል ማለፍ ጀምሯል፤ ቦታሽ አለ፣ የሁለተኛውን መንፈቅ ተመዝገቢ› አለኝ። መሄድ ደስ አላለኝም፣ መቅረትም ደስ አላለኝም። አባታችን ግን ‹የጀመርሽውን ጨርሺ፤ የአንቺን ምርቃት በዓይኔ ልየው› ሲለኝ እሺ አልኩ።

አክስታችን ይህን ሰምተው ባለፈው ረቡዕ ፎቶ ቤቱ መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ መጋረጃው ፊት በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ‹ሳትሄጂ እኔን አንሺኝ› አሉ።

‹ፀጉርዎ ትንሽ ይደግ እንጂ አክስቴ፤ ለፋሲካ ስመጣ አነሳዎታለሁ› አልኳቸው።

‹አይሆንም› አሉና ሻሻቸውን ፈተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ‹ልጄ ከሞተች ወዲህ ያለኝ ፊት ይሄ ነው። ይሄንኑ አንሺ። አታቅይው፣ አታለስልሺው፣ ምንም እንዳትነኪብኝ።›

መብራቱን አስተካከልኩ። እሳቸው ቀጥ ብለው አዩኝ። ካሜራውን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት። አነሳኋቸው። ግንባሬን ስመውኝ፣ ሻሻቸውን መልሰው አስረው ወጡ።

ከዚያ እሳቸው የተነሱበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰውዬ ‹ተራ ይዘሽ ነው?› ሲለኝ ሰምቻለሁ። ጋሼ እንዳላማው ሰውየውን ‹ነገ ይመለሱ ወንድሜ› ብለው ሸኙት። መብራቱን አጠፉልኝ፣ በሩን ገርበብ አድርገው እሳቸው ውጭ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እንባ አልነበረም እታለም፤ መነሳት ብቻ ነው ያቃተኝ።

ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በካርቶን ተጠቅልሏል። እንደታዘዝኩት አልነካሁትም። ብቻሽን አትክፈቺው፤ ገዳሙ አጠገብሽ ይኑር። እኔ ሰኞ ማለዳ እሳፈራለሁ።

ለገዳሙ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አንቺን ደግፎ ስላቆመ እናታችን በየጸሎቷ ታነሳዋለች። ትንሿን ወለተ ሐዋርያት ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ። አባታችን ‹ልጄ ትበርታ› ይልሻል። እናታችን የላከችልሽ የአጥሚት እህል አበረ እጅ ላይ አለ። አክስታችን ስሜነሽም ‹ስለዘገየው መርዶ አትቀየሚን፤ ልጅሽን አቅፈሽ አልቅሺልኝ› ብለውሻል።

እኅትሽ ጥሩብርሃን
ደብረ ማርቆስ፤ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.