እርጥብ ሳር ይዘው ግቢ በር ላይ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደቻሳ፣ ድሬዳዋ።

አከም ጂርታ፣ ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? የጀርባህ ሕመም ተሻለህ? እትዬ ሰሎሜና ልጆቹስ ሙቀቱን እንዴት እየቻሉት ነው? እኔ ክብር ለፈጣሪ ይሁንና አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን በአንተ ነገር እየፈላ ነው። ያልደወልኩት ድምፅህን ከሰማሁ ቁጣዬ ይበርድብኛል ብዬ ነው። እንዲበርድ አልፈልግም።

የመውጫ ፈተናው በሰኔ ነው። አምስት ዓመት የተማርነውን ሕግ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጠይቁን ነው። ቤተ መጻሕፍት ቦታ ለመያዝ ጎህ ሳይቀድ እንሰለፋለን፤ የክፍል ጓደኛዬ አስካለች በእንቅልፏ እንኳ ስለ ውል ሕግ ታወራለች። እንዲህ ሆነን ሳለ ቅዳሜ ዕለት እንግዳ መጥቶብሻል ተባልኩ። ብወጣ ኦቦ ዲንሳና ሌሎች የባኮ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ቆመዋል። ጥበቃው የእኛው አገር ሰው ነውና፣ ሳር የያዘ ሽማግሌ ለእርቅ ለማኝ መሆኑን ስለሚያውቅ ሳሩን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። አስካለች ደግሞ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የመጡ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት!

የመጡት ለአጎታችን ለጉተማ ሊለምኑ ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ የእማዬን የበቆሎ መሬት እንዴት እየገፋ እንደያዘው ታውቃለህ። ዘንድሮም ሳያፍር በሬውን ጠምዶ ሲያርሰው እማዬ ፍርድ ቤት ከሰሰችው። ሽማግሌዎቹ እናትሽ ክሷን ታንሳ፣ የሥጋ ዘመድ ዳኛ ፊት አይቆምም፣ ጉተማ ከምርቱ የፈቀደውን ይሰጣታል አሉኝ። ታዲያ ለምን ወደ እኔ መጣችሁ ብላቸው፣ ደቻሳ ደውሎ እማዬ ከእህቴ ከሃዋኒ ቃል አትወጣም፣ እሷን ለምኗት ብሎናል አሉ።

አንተ ነህ ይህን ያደረግከው? በእናትህ መሬት ላይ ሽማግሌ የምትልከው አንተ ነህ?

እኔ ሽማግሌ አልጠላም። ሕጉም የገጠር መሬት ክርክር መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ ይላል፤ ታይቷልም። ያኔ እነዚሁ ሰዎች መሬቱ የእማዬ ነው ሲሉ እምቢ ያለው ጉተማ ነው። እሱ እምቢ ሲል ሳር ይዞ የለመነው አልነበረም፤ እማዬ ስትከስ ግን የባኮ ሳር ሁሉ ታጨደ! በሬ ካራጁ ይዋል ነው የምትሉት?

ሳሩን ተቀበልኩ። ባደግንበት ቤት ሳር አይገፋም፤ እጄ ራሱ ተዘረጋ። ኦቦ ዲንሳ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ፣ ተባረኪ ልጄ እያሉ ለፈተናዬ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ ደውዬ፣ ለእማዬ ክሱን አንሺ አልላትም አልኳቸው። ሳር ተቀብለሽ? ብለው ስልኩን ዘጉት። እዚህ ያደረስከኝ አንተ ነህ።

ከሁሉ የከፋው ቀጠሮው ነው። ፍርድ ቤቱ እማዬን የቀጠራት እኔ በምፈተንበት ቀን፣ ሰኔ 17 ጠዋት ነው። ጉተማ ዘመዱን ሁሉ አሰልፎ ይመጣል። እማዬን ታውቃታለህ፤ ብቻዋን ከሆነች ይሉኝታ ያሸንፋትና ይቅር ትላለች። አጠገቧ እንድቆም ለምናኛለች። ብሄድ ፈተናው ያመልጠኛል፤ በሶዬን ቋጥራ ባኮ መናኸሪያ ድረስ እየሸኘች ያስተማረችኝ ለዚህ ፈተና ነበር። ባልሄድ መሬቷ ይሄዳል።

ሱቁን ለማን ጥዬ እንደምትል አውቃለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ጋሼ። መለዋወጫውን እትዬ ሰሎሜ ካንተ በተሻለ እንደምትሸጥ ራስህ ነህ የነገርከን።

ኦቦ ዲንሳ የሰጡኝን ሳር አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ድሬዳዋ እስኪገባ ይደርቃል፤ ቢደርቅም ያው ሳር ነው። አንተ በሰው እጅ ወደ እኔ ልከኸው ነበር፤ አሁን እኔ በሁለት እጄ ይዤ እለምንሃለሁ። በቀጠሮው ጠዋት ባኮ መጥተህ ከእማዬ አጠገብ ቁም። እኔ ሳር አልገፋሁም፤ አንተም አትግፋ።

እትዬ ሰሎሜን በብዙ ሰላም በልልኝ፤ ተናድደህ ደብዳቤውን ብትጥለው ሳሩን እሷ ታንሳልኝ። ሚልኪያስንና ጂቱን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። የእማዬን ሰላምታ ግን አልጽፍልህም፤ መጥተህ ከአፏ ተቀበል።

እህትህ ሃዋኒ

አምቦ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.